የማይነካው መስመር

ሥራ አስኪያጁ ነገር ሲከብዳቸው በትዳር የማስረዳት አመል አለባቸው። ያን ዕለትም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ለአዲስ ዕቃ የውስጥ ሶፍትዌር መምረጥ ማለት ማግባት ማለት ነው» አሉ። «ዛሬ ይዘነው የገባነው ለዓመታት አብሮን ይኖራል። ቺፑም፣ ባትሪውም፣ የምንቀጥረው ሰውም በእሱ ልክ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ መልክ አይታይም፤ ጠባይ ነው የሚታየው።» ራሳቸው አግብተው የፈቱ፣ ደግመው አግብተውም የፈቱ ሰው ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ምክራቸውን የሚሻ አልነበረም። የሽያጭ ኃላፊው ስልኩን ይጎረጉራል። ከቅጥነቱ የተነሳ ሁሉም «ሽቦ» የሚለው የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቡሎን ያሽከረክራል። ትንፋሿን ይዛ የምታዳምጠው ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት ብቻ ነበረች።

«ፈታኟ» ይሏታል። ሥራዋ ዕቃ ከድርጅቱ ከመውጣቱ በፊት ማሠቃየት ነው፦ ትጥለዋለች፣ ታረጥበዋለች፣ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች፣ ባትሪውን ሥራ መሃል ላይ ትነቅልበታለች። ከእጇ በዋዛ ያለፈ ዕቃ የለም። ሽቦ ወር ሙሉ የደከመበትን ሰሌዳ ይዞላት ሲመጣ፣ «ይኸው፣ ልጄን ለግርፋት አመጣሁልሽ» ይላታል። እሷም ትስቅና ተቀብላ ትገርፍለታለች።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ከጎማ ጠጋኝ ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይቶ፣ ታች ጎማ ሲደበደብ ላይ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ይሠራል። የሚያመርተውም አንድ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። በሽተኛው ራስጌ ከተሰቀለው የጉሉኮስ ከረጢት ሥር ተቆንጥጦ ጠብታ ይቆጥራል፤ ከረጢቱ ሲያልቅ ወይም ቱቦው ሲዘጋ ጮሆ ነርሷን ይጠራል። አሁን ግን ሆስፒታሎቹ የበለጠ ፈለጉ። አዲሱ ዕቃ ስክሪን ይኖረዋል፣ ያለ ገመድ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ መልእክት ይልካል፣ በሽተኛ ቢኖርም ባይኖርም ሳይጠፋ አልጋው ላይ ይውላል ያድራል። ለዚህ የሚሆን የውስጥ ሶፍትዌር ነበር የሚመረጠው።

«ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «አንደኛው ከውጭ ኩባንያ የሚገዛ ነው። የጤና ተቆጣጣሪዎች የሚፈልጉት ወረቀት ሁሉ ተሟልቶለታል፣ ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይከፈልበታል። ሁለተኛው ነጻ ነው፤ በየአገሩ ያለ ሰው በጋራ የሚጽፈው፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበው። ሦስተኛው...» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጥጉ ተመለከቱ። «ሦስተኛው የቤታችን ነው።»

የቤታቸው የተባለው ሶፍትዌር ስሙ «ቁጥብ» ነው። ብቻውን ከባዶ ተነስቶ የጻፈው የፈታኟ ታናሽ ወንድም ነበር። ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው፤ ሜሞሪ አያባክንም፣ ባትሪ አይጨርስም። «እንደ እማዬ ነው» ይል ነበር፣ «ከምንም ነገር ተነስቶ ቤት ያቆማል።» ቀልደኛ ነበር። ኮዱን ሲጽፍ እንኳ በየመስመሩ መሃል ለሚያነበው ሰው ቀልድ ትቶ ያልፋል። ኩላሊቱ ከድቶት ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ ከራሱ በላይ የራሱን መሣሪያ ሰቀሉለት። ነርሷ በመጣች ቁጥር፣ «ይህን ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ካጠፋ ለእኔ ንገሪኝ» ይላታል። እናቱ ራስጌው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ከዚያ አልጋ ግን አልተነሳም።

እናቱ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ፤ ዘወር ሲል ደግሞ «አንጀቷ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለ፤ መቼም የሰው አፍ መዝጊያ የለውም። ፈታኟ ግን ምክንያቱን ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «ምን ያስለቅሰኛል?» አለቻት። «ልጄ ሥራ ላይ ነው። በየሆስፒታሉ በሽተኛ ይጠብቃል። ሥራ ላይ ላለ ሰው አይለቀስም።» ከዚያ ወዲህ የታመመ ጎረቤት ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር ከበሽተኛው በፊት መሣሪያውን ትፈልጋለች፤ ካገኘችው በጣቷ ዳበስ አድርጋው ነው የምትቀመጠው። አመሻሽ ላይ ፈታኟ ከሥራ ስትመለስም ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠይቃታለች፦ «የወንድምሽ ነገር እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ፣ እማዬ።»

መጀመሪያ ላይ ፈታኟ ይህን የምትመልሰው እናቷን ለማስደሰት ነበር። ቆይቶ ግን የራሷም እምነት ሆነ። የወንድሟን ኮድ ከእሷ በቀር የሚከፍተው እንዳይኖር ለመነች፤ ማንም እምቢ ሊላት አልቻለም። እሷም እየከፈተች ታነባለች እንጂ አንዲት ፊደል ለውጣ አታውቅም። አዲስ ነገር መጨመር ሲያስፈልግ ሽቦና እሷ ወንድሟ የጻፈውን ሳይነኩ ዙሪያውን ዞረው ይጨምራሉ። ለባዳ ሰው የሚገርም አሠራር ነው፤ ለእነሱ ግን ለሟች ማድረግ የሚችሉት ይኸው ብቻ ነበር።

እና ያን ዕለት ስብሰባው ላይ የወንድሟ ዕጣ ሊወጣ ነው። ቁጥብ ከተመረጠ ወደ አዲሱ ዕቃ ይሻገራል፣ ለዓመታት ይኖራል። ካልተመረጠ የድሮው መሣሪያ እያረጀ ሲጣል አብሮ ያልቃል።

የሽያጭ ኃላፊው ስልኩን አስቀምጦ፣ «ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚጠይቁን ወረቀት ነው» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የቤታችን ልጅ ጎበዝ ነው፤ ግን ወረቀት የለውም።»

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ» አለ ሽቦ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያበላህ ማን ሆነና?»

ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሱ። «ሜሞሪው ይለካል፣ ባትሪው ይለካል፣ ከገመድ አልባው ቺፕ ጋር መግባባቱ ይታያል። እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ነገሩ የተበላሸ ዕለት፣ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ማን ይጠግነዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛውም ድርጅት ይጠየቃል፤ የዚህ ድርጅት መልስ ግን መቃብር ውስጥ ነበር።

«እኔ አለሁ» አለች ፈታኟ።

«አውቃለሁ አንቺ አለሽ፣ እህቴ» አሉ ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ድምፅ። «ሦስቱንም የምትፈትኚው አንቺ ነሽ። ለወንድምሽ አታድዪ ማለት እንኳ ያሳፍረኛል።»

አላደላችም። ሦስት ሰሌዳዎች ላይ ሦስቱን ሶፍትዌሮች ጫነች። በግድግዳው ላይ ሦስት የውኃ ጠርሙሶች ዘቅዝቃ ሰቀለች፣ ከየጠርሙሱ ውኃው ጠብ ጠብ እንዲል አደረገች። ቁጥብ የጻፈው ሰው መሞቱን የሰማም አይመስል። የሚገዛው ሶፍትዌር ገና ሲነሳ የሚበላውን ሜሞሪ ቁጥብ ሥራውን ሁሉ ጨርሶ አይበላውም። ነጻው ባትሪውን እያንጠፈጠፈ ሲጨርስ ቁጥብ ገና ግማሹን አልነካም። ሽቦ ውጤቱን አይቶ ቡሎኗን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለባት።

ያን ምሽት ፈታኟ ጥያቄውን አልጠበቀችም። ከበሩ ጀምራ፣ «እማዬ፣ አንደኛ ወጣ!» አለች።

«ድሮስ!» አለች እናቷ። ከተቀመጠችበት ተነስታ አቀፈቻት። «ልማዱ ነው እኮ። ተማሪ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ሳያጠና አንደኛ።» እናትና ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ እራታቸውን እየሳቁ በሉ። ምናለ ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም!

የቀረው የቆይታ ፈተና ብቻ ነበር። አዲሱ ዕቃ ሳይጠፋ የሚኖር ስለሆነ ሦስቱም ሰሌዳዎች እንደበሩ ለሳምንታት መቆየት አለባቸው፤ ጠርሙስ ሲያልቅ ይጮኻሉ፣ ጠርሙሱ ይቀየራል፣ እንደገና ይቆጥራሉ። አሰልቺ ፈተና ነው። አንድ ጠዋት ፈታኟ ስትገባ ሦስቱም ጠርሙሶች ባዶ ናቸው። ሁለቱ መሣሪያዎች እሪ እያሉ ቀድሟት የገባውን ሽቦን ጆሮውን አስይዘውታል። ቁጥብ ግን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም ብሏል።

መጀመሪያ ያልጠረጠረችው ነገር የለም፤ ከቁጥብ በቀር። ገመዱን ቀየረች፣ ድምፅ ማውጫውን ቀየረች፣ አዲስ ጠርሙስ ሰቀለች። ቁጥብ ጠብታውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ጠርሙሱ አለቀ። ዝም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እሷ ግን ያን ቀን ጨለማው ቢቆይላት በወደደች ነበር።

በእንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ጊዜን የሚቆጥር ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲሞላ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ተመልሶ ዜሮ ይላል። ቁጥብ ደግሞ «ከረጢቱን በዚህን ጊዜ አያለሁ» ብሎ ለራሱ ቀጠሮ ይይዛል። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲመለስ ቀጠሮው ግን በትልቁ ቁጥር ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ቁጥብም ያ ጊዜ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ይቆጥራል፣ መብራቱን ያበራል፣ ግን ከረጢቱ ማለቁን አያይም፣ አይጮኽም። የድሮው መሣሪያ በሽተኛው ሲነሳ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቆጣሪው የሚሞላበት ዕድል አልነበረም። አዲሱ ግን አይጠፋም።

ጥፋቱ ያለባትን መስመር ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም። ታውቃታለች፤ በቃሏ ትወጣታለች። ከመስመሯ በላይ ወንድሟ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ይህችን መስመር ሳወጣት ይበላሻል፣ ስመልሳት ይሠራል። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ፈጣሪ ይወቀው። የነካት እጁን ያንቀጥቅጠው።» ሲናፍቃት ኮዱን የምትከፍተው ይህችን ቀልድ ለማንበብ ነበር። ሳቁ ይሰማት ነበርና ደግማ ደጋግማ አንብባታለች። ሌላ ሰው ጽፏት ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «ለምን እንደሚሠራ የማታውቀውን ነገር በሽተኛ ላይ ትሰቅላለህ?» ብላ ታፋጥጠው ነበር። ይህችን ግን አንድም ቀን እንደ ፈታኝ አላነበበቻትም። እንደ እህት ነበር ያነበበቻት።

ሽቦ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። የወንድሟ የልብ ጓደኛ ስለነበር እሱ ይጠራት በነበረው ስም ነው የሚጠራት። «እታለም፣ አንዲት መስመር እኮ ናት» አላት ቀስ ብሎ። «አስተካክያትና ዝም በይ። ማን ያያል?»

አስተካከለቻት። እጇ እውነትም ተንቀጠቀጠ። ቆጣሪውን ወደ መሙያው ገፍታ ስትሞክረው ቁጥብ ጮኸ፤ ጩኸቱን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ግን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጠርሙስ ተሰቅሎለት ያለ ምክንያት መጮህ ጀመረ። «ሳወጣት ይበላሻል» ያለው እውነቱን ነበር፤ መስመሯ ሌላ የማይታይ ነገር ደግፋ ነበር የያዘችው። ያንንም ፈልጋ ጠገነች። ቁጥብ ጸጥ አለ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አረንጓዴውን መብራት ማመን አቃታት። ከዚህ ሥር ደግሞ ምን አለ? የሚያውቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ስልክ ደውላ ትጠይቀው፣ እሱም ስቆባት ይነግራት ነበር።

«እናትህ እዚያ አልጋ ላይ ብትተኛ» አለችው ሽቦን፣ «ይህን ከራሷ በላይ ትሰቅለዋለህ?»

ሽቦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ታች ጎማ ይደበድባሉ።

በማግሥቱ ስብሰባው ላይ ቆማ ያገኘችውን ሁሉ ተናገረች። ሁለተኛውን ጥፋት ተናግራ ሳትጨርስ የሽያጭ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደስ ይለዋል ብላ ፈርታው ነበር፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ሊስተካከል ይችላል?» አሉ።

«ይኸኛውን አስተካክዬዋለሁ። የሚቀጥለውን አላውቅም።»

«ማነው የሚያውቀው?»

«ማንም። እኔም በቃሌ ያዝኩት እንጂ አላውቀውም። ነጻው ይሻላል። ባትሪ ይበላል፣ ትልቅ ባትሪ እንገጥምለታለን። ወረቀቱንም ቀስ ብለን እናሟላለን። ብዙ ሰው ያነበዋል፤ አንዱ ቢሞት...» የሽያጭ ኃላፊው ተነስቶ ውኃ ቀዳላት።

የፈሩት ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ ቀጥለው ያሉትን እሷም ታውቀው ነበር። እስካሁን የተጎዳ ሰው አልተሰማም፤ ግን አንዲት ነርስ የድሮውን መሣሪያ ሳታጠፋው ብትረሳስ? ስለዚህ የተሸጡት ሁሉ ከየሆስፒታሉ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ቁጥብ ከውስጣቸው ተሰርዞ ሌላ ይጫንባቸዋል። በአዲሱ ዕቃ አለመመረጡ ሳያንስ ከድሮውም ሊወጣ ነው። «ማን ይሥራው?» ብለው ሲጠይቁ ሽቦ ከወንበሩ ብድግ ሊል ቃጣው። «እኔ እሠራዋለሁ» አለች ፈታኟ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቤቷ ሄዳ እንድታርፍ ነገሯት፤ ያን ቀን ስለ ትዳር አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ቤት ስትደርስ ፀሐዩ ገና መስኮቱ ላይ ነበር። እናቷ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ታጥፋለች። ቀና ብላ አየቻት። «በጊዜ መጣሽሳ» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ «የወንድምሽ ነገር እንዴት ዋለ?»

ፈታኟ መልሱን መንገድ ላይ ስታዘጋጀው ነበር የመጣችው። አሁን ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አልተመረጠም፣ እማዬ።»

«ምን አጠፋ?»

ይህን ያለችው ከትምህርት ቤት ስለተባረረ ልጅ እንደምትጠይቅ አድርጋ ነው። ፈታኟ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሳይጠፋ ብዙ ከቆየ... መጮህ ይረሳል።»

«በሽተኛው እያለ?»

«በሽተኛው እያለ።»

የእናቷ እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። «የራሱ ጊዜስ?» አለች። «ያኔ ከራስጌው የነበረው... ረስቶ ነበር?»

«አልረሳም! መሣሪያውን ያበሩት እኮ እሱ ሲተኛ ነው፤ እስከሚረሳ ድረስ አልቆየም። ከሁሉ በፊት ያንን ነው ያሰላሁት። እማዬ ሙች፣ አልረሳም።»

«የሰው ልጅስ ሞቶበታል?»

«እስካሁን አልተሰማም።»

«ተመስገን።» እናቷ ልብሱን አጠፈችው፤ ሌላ አነሳች። «እንግዲያው ይውጣ። የሰው ልጅ ከሚሞትበት ይውጣ። ከሁሉም ነው የሚወጣው? ከድሮዎቹም?»

«ከሁሉም።»

«አንድ እንኳ አይቀርም?»

«አይቀርም፣ እማዬ።»

«ማነው የሚያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«እህ፣ አንቺ ሁኚ። ባዳ አይንካው።» ይህን ብላ የጀመረችውን ልብስ ልታጥፍ እጅጌውን ያዘች፣ ግን አላጠፈችውም። ፊቷ ቀስ እያለ ተጨማደደ። «እንግዲህ ሥራ ላይ የለም ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ ድምፅ አወጣች። ፈታኟ ከእናቷ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ቀብሩ ላይ ሁሉም ጠብቆት ያልመጣው ጩኸት ነበር። «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያለች ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን መታች፣ ልብሱም አብሯት ተበተነ። ፈታኟ ልትይዛት ሞከረችና አብራት ወደቀች።

በሩ ተበረገደ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ባዶ እግሯን እየሮጠች ገባች። «ምን ሆናችሁ? ምን መጣ?» አለች እያለከለከች። «ማን ሞተ?»

«ወንድሜ» አለች ፈታኟ።

ልብስ ሰፊዋ ቀብሩ ላይ ነበረች። ግን ምንም አልጠየቀችም፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አብራቸው ታለቅስ ጀመር።